በልጇ ዕድሜ የኖረችው እትዬ አስካለ

ደምሴ ከኮምቦልቻ ደውሎ «ሰናይት፣ እናቴ አረፈች» ሲለኝ ከእንባዬ የቀደመኝ ግርታ ነበር። ይህን ድምፅ መጀመሪያ ያወቅሁት የእትዬ አስካለ ወንድም ድምፅ ነው ተብዬ ነው። ሳውዲ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ፣ ሰገነት ላይ ባለችው የሠራተኛ ክፍላችን፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣብቃ «ወንድምዬ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ስትለው ስንት አርብ አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አሠሪያችን ማዳም አማርኛ አትሰማም። እኔ ግን እሰማለሁ፤ እኔ ደግሞ ያኔ ገና የመጣሁ ባዕድ ነበርኩ። ደምሴም እንደተነገረው «ደህና ናቸው እህቴ» ይላት ነበር።

«መቼ?» አልኩት።

«ትናንት ቀበርናት። ለሰናይት ንገራት ብላኝ ነበር» አለኝ።

እትዬ አስካለ ጉልበቷን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች፤ ዓረብ አገር ልሂድ ብላ ደላላ ፊት ስትቆም ደግሞ ሰውዬው ከእግር እስከ ራሷ አይቷት «እማማ፣ ለርስዎ ዕድሜ ቪዛ የለም» አላት። በዚያ ዘመን ደላላ የሰው ዕድሜ እንደ ልብስ ያስጠብብና ያሰፋ ነበር። ለልጅ እግሯ ይጨምራል፣ ለትልቋ ይቀንሳል። ለእሷ አሥራ ስድስት ዓመት ቀነሰላት። ቀጭን ናት፣ ፊቷ ጨምደድ አላለም፣ ሽበቷን ሂና ሸፍኖላታል፤ ያየ ሁሉ ወረቀቱን አመነ።

«መቀነሱስ ባልከፋ» ትል ነበር በኋላ፣ ምስጢሩን ከነገረችኝ ወዲያ። «ደምሴን የት ላድርገው? በወረቀቱ ሒሳብ እኔና ልጄ እኩያ ሆንን። ታዲያ ወንድሜ አደረግሁት። መውለዴን አልካድኩም፤ ለጊዜው አስቀመጥኩት እንጂ።»

እኔ ታላቅን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። እዚያ ቤት የገባሁ ቀን «እትዬ፣ ይቀመጡ» ስላት እጄን ያዘችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ስሚ፣ አንቱ አትበይኝ። ጎረቤት ያሉት የአገራችን ልጆች በግንብ ላይ ይሰማሉ። አንቱታሽ ዕድሜዬን ያወጣብኛል» አለችኝ። እትዬ ማለቱን ፈቀደችልኝ። ዛሬም ሳወራት እሷ የምለው ንቀት ሆኖ አይደለም፤ ትእዛዟ ነው።

ሰው የምትመዝነው በጨርቅ ነበር። ማዳም «ፖሊስተር» ናት፤ ታበራለች፣ ስትነኪያት ግን ትነዝራለች። ባባ፣ ማለትም አባባ በሉት የተባልነው የማዳም ባል፣ ቪዛ የላከልን ካፊላችን፣ «ጥጥ» ነው፤ ለገላ ይስማማል፣ ግን ቶሎ ይሸበሸባል፣ ሚስቱ ፊት አይቆምም። ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ውስጥ መጋዘን ነበረው፤ ማታ ደክሞት ይገባል፣ ሲያየን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። እኔን ደግሞ «አንቺ ገና አልተሸመንሽም» ትለኝ ነበር። በሆዴ እስቅ ነበር።

ቤቱ ትልቅ ነው፤ የእኛ ግን ሰገነቱ ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችው ክፍል ብቻ ነበረች። መስኮቷ የሚያሳየው የውሃ ታንከርና የጎረቤት ግንብ ነው። ማዳም ስትወጣ የውጭውን በር ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ባሕሩ ቅርብ ነው ይላሉ፤ እኛ የምናየው ኮርኒሹ፣ የባሕር ዳር መንገዱ፣ ላይ ሕፃኗን ታቅፈን ከማዳም ኋላ ስንሄድ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ውሉ ካለቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ኹሩጅ፣ ወደ አገር መመለሻ ቪዛ፣ ጠይቃለች። ማዳም ሁለቴም «ሬም ትደግ» አለቻት። ሬም ሕፃኗ ናት። ሬም ደግሞ ከእትዬ አስካለ እጅ ካልሆነ አትበላም።

በሽታው የጀመረው በአንድ አርብ ነው። አርብ አርብ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። መሐል ላይ እጆቿ ከራሴ ላይ ወረዱ። «ምነው?» ብዬ ዞር ስል ትከሻዋን እያየች ነው። «ክንዴ እምቢ አለኝ» አለች፣ እንደ ተገረመ ሰው። ሹሩባዬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ሳምንት ሙሉ በሻሽ ሸፍኜው ከረምኩ።

በሳምንት ውስጥ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሁለቱም ትከሻ፣ አንገት፣ ዳሌና ጭን፤ ደርቀው ያድራሉ። ጎኗን መገልበጥ እንኳን አትችልም፤ እንዳስተኛኋት ታድራለች። አንሶላ ከአልጋው እግር ጋር አሠረችና እሱን እየጎተተች፣ እኔም ከኋላ እየገፋኋት እንቀመጣለን። ቀሚስ በራሷ ላይ ማጥለቅ አትችልም። ሽንት ቤት ከተቀመጠች እኔ ካልጎተትኳት አትነሳም። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ቆይታ፣ ስደርስ «ሰናይት፣ ይኼ ቤት እኔን መቆለፉ አንሶት ገላዬም ቆለፈብኝ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ የምትስቅ ሴት ያን ቀን አልሳቀችም።

እኛ ብርድ ነው አልን። እኛ ሰዎች ምን እናደርጋለን፣ መኪፉ፣ ያ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻዋ ላይ ሲነፋባት ነው የኖረው። ቪክስ ቀባኋት፣ የወይራ ዘይት አሞቅሁላት፣ በሻሽ ጠፍሬ አሰርኳት። ማዳም ፓናዶል ሰጠቻት። እዚያ አገር ለሁሉም ነገር ፓናዶል ነው።

ክፋቱ፣ በሽታው ሰዓት ያውቅ ነበር። ጠዋት እንደ እንጨት ያደረቃትን ቀትር ላይ ይለቃታል፤ ከሰዓት የዐስር ሶላት ሲደርስ ቀስ ብላም ቢሆን ደረጃ ትወጣለች ትወርዳለች። ማዳም ይህን አየች። «ጠዋት ሥራ ሲኖር ሕመም፣ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!» እያለች እጇን ታጨበጭብባታለች። «ከዛባ! ውሸታም!» እትዬ አስካለ ልትመልስላት አትችልም ነበር፤ እሷ ራሷ ግራ ገብቷታል። ማታ ማታ «እውነቷን ይሆን እንዴ? ሳላውቀው ሰንፌ ይሆን?» ትለኛለች። እኔ ለማዳም ያለኝ ጥላቻ ያን ጊዜ ነው ሥር የሰደደው፤ ሰውን ማሳመም አንድ ነገር ነው፣ የራሱን ሕመም እንዲጠራጠር ማድረግ ግን ሌላ ግፍ ነው።

አንድ መስተውሰፍ፣ ትንሽ ክሊኒክ፣ ወሰደቻት። ትከሻዋን ራጅ አነሷት፣ አጥንቷ ደህና ነው አሉ፣ መርፌ ወግተው መለሷት። ማዳም ራጁን እስከ ቤት ድረስ በድል ይዛው መጣች።

ከዚያ በኋላ ሬም ክትባት ነበራትና ማዳም ሦስታችንንም ጭና ደማም ሐኪም ቤት ወሰደችን፤ እኔ ሕፃኗን እንድይዝ፣ እትዬ አስካለ እንድታበላት። ጠዋት ነበር። ስማችን ሲጠራ እኔ ሬምን ታቅፌ ተነሳሁ፤ እትዬ አስካለ ግን ከወንበሩ መነሳት አቃታት። ክንዷን ወንበሩ ላይ ተክላ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛውዛ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ማዳም ዞር ብላ «ያላ!» አለቻት።

አንዲት ሱዳናዊት ዶክተር ከክፍሏ በር ላይ ሆና ታይ ኖሯል። ረጅም፣ ጠይም፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። መጥታ እትዬ አስካለ ፊት ቆመችና በዓረብኛ «እጆችሽን ወደ ላይ አንሺልኝ» አለቻት። እትዬ አስካለ እስከ ደረቷ ብቻ አነሳች። ዶክተሯ ክንዷን በእጇ ስታነሳላት ግን ከፍ አለ። «ጡንቻው አልደከመም» አለች ለራሷ። «ጠዋት ነው የሚብሰው?»

እትዬ አስካለ በተራዋ አፈጠጠች። «ማን ነገረሽ?»

ማዳም ጊዜ የለኝም አለች። ዶክተሯ ግን ዝም ብላ ደም ቀዳች። እየቀዳችም፣ እትዬ አስካለ ትክ ብላ ስላየቻት፣ ታስረዳት ጀመር። አንዱን ደም በቀጭን ቱቦ አቁመው አንድ ሰዓት ይተውታል፤ ቀዩ እየዘቀጠ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ደም ቀስ ብሎ ነው የሚዘቅጠው። ሰውነት ውስጥ ብግነት፣ ያልታየ መቆጣት ካለ ግን ፈጥኖ ይወርዳል። ከዚያ ሌላ ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን አለ፣ እሱም ሰውነት ሲቆጣ ይበዛል፤ እሱንም ያያሉ። «ሁለቱ ምርመራዎች እሳት እንዳለ ይነግሩኛል» አለች። «የትኛው ክፍል እንደሚነድ ግን አይነግሩኝም። እሱን ከአንቺ ነው የምሰማው።»

ውጤቱን ለመስማት በሳምንቱ ስንመለስ እትዬ አስካለ መኪና ውስጥ ስትጸልይ ነበር። ታምሜ ልገኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየች፣ ማዳምንም አየች። «ይህች ሴት አልዋሸችም» አለች። «ደሟ ከሚገባው ሦስትና አራት እጥፍ ፈጥኖ ነው የዘቀጠው። ሌላውም በጣም ከፍ ብሏል።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ደሜ መሰከረልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ሞላ። ማዳም ቦርሳዋን ከአንዱ ጭኗ ወደ ሌላው አዛወረችው።

ደስታችን ግን ሻይ ሳይፈላ አለቀ። ዶክተሯ ፋይሉን ገልጣ እንደገና አነበበችና ፊቷ ተለወጠ። «ነገሩ ሁሉ አንድ በሽታ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ሁለት ትከሻ፣ ዳሌ፣ የጠዋት ድርቀት፣ እንዲህ ያለ ደም። ግን ያ በሽታ ከሃምሳ በታች ያለ ሰው አይይዝም። አንቺ አርባ ነሽ። እንግዲህ ሌላ መፈለግ አለብን። የተደበቀ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቲቢ ሊሆን ይችላል። አስተኝተን እንመረምራለን።»

ከዚያ ሁሉ ማዳም የሰማችው ቲቢ የሚለውን ብቻ ነው። ብድግ ብላ ሬምን ከእቅፌ ነጠቀቻትና ግድግዳው ጋ ሄዳ ቆመች። «በዚህች እጅ ነው የምትበላው!» እያለች የልጅቷን አፍ በሶፍት ትጠርግ ጀመር፣ ደጋግማ፣ ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ። ሬም እጇን ወደ እትዬ አስካለ ዘረጋች። ማዳም እጇን መልሳ አጠፈችው።

እኔ ነገሩን አውቅ ነበር። ምስጢሯን ከነገረችኝ ወራት ሆኖታል። አንድ ቁጥር ብትናገር ሐኪሟ በሽታውን ታገኘዋለች፤ ከተናገረች ደግሞ በሐሰት ወረቀት የገባች ሴት ትሆናለች፣ ማዳምም እዚያው ቆማለች። ካልተናገረች ቲቢ ተብላ እንደ ቆሻሻ ትጠረዛለች፣ ወይም ያልያዛትን ካንሰር ሲፈልጉባት ገላዋ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ዓይን ዓይኗን አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ የምታየው ሬምን ነው።

«ዶክተራ» አለች በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዋ። «አርባ ዓመት የእኔ አይደለም። አርባ የበኩር ልጄ ዕድሜ ነው።»

ዶክተሯ ከፋይሉ ቀና አለች።

«ሃምሳ ስድስት ነኝ» አለች። «ቲቢ የለብኝም። ልጅቷን አልበከልኳትም። ንገሪያት።»

ዶክተሯ ሳቋ መጣባትና በመዳፏ አፏን ያዘች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ጥያቄ በጥያቄ አደረገቻት። ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ስታኝኪ መንጋጋሽ ይደክማል ወይ፣ ዓይንሽ ደብዝዞ ያውቃል ወይ። የለም፣ የለም፣ የለም። «ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ዓይንሽን ልታጪ ትችያለሽ፤ ሳታድሪ ነይ» አለቻት። ደረቷን ራጅ አስነሳች፣ ሳንባዋ ንጹሕ ሆነ። ሌሎች የደም ምርመራዎችም ሌላ በሽታ አላሳዩም። በመጨረሻ ትንንሽ የፕሬድኒሶሎን ክኒኖች አዘዘችና «የጠረጠርኩት ከሆነ በሦስት ቀን ታውቂዋለሽ፤ ካልሆነ ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እንፈልጋለን» አለች። የበሽታውን ስም ስንጠይቃት ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ አለችን። ሦስት ጊዜ አስደግመናት አልያዝነውም።

መኪና ውስጥ እትዬ አስካለ «ፖሊ ምናምን አይደል ያለችው? መቼም የፖሊስተር ዘመድ ነው» ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከፊት ማዳም በመስተዋቱ እትዬ አስካለን ደጋግማ ታያት ነበር። ያ አስተያየቷ አላማረኝም።

በሦስተኛው ቀን ከእንቅልፌ የነቃሁት በልብስ ማጠቢያው ድምፅ ነው። ዘልዬ ስወጣ እትዬ አስካለ ሰገነቱ ላይ ቆማ የማዳምን አንሶላ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ሁለት ክንዷ ከራሷ በላይ ነው። «ተነሺ አንቺ ሰነፍ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ይጎትትሽ?» አለችኝ። እርጥቡ አንሶላ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አንሶላውን አቆሸሽሽው ብላ ተቆጣችኝ።

መዳኗን ያየሁት ያን ጠዋት ነው፤ ከመዳኗ ጋር የመጣውን ሌላ እስራት ደግሞ በዚያው ሳምንት።

ማዳም ለባባ አልነገረችውም። ክኒኑን ግን ወስዳ መኝታ ቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ጠዋት ጠዋት የቀኑን ቆጥራ በመዳፏ ታመጣላታለች፤ እትዬ አስካለ ፊቷ ቆማ ትውጣለች። ዶክተሯ መድኃኒቱ ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚወሰድ፣ ደሟ እየታየ ጥቂት በጥቂት እንደሚቀነስ፣ በድንገት ከተቋረጠ ግን ሰውን እንደሚጥል አስጠንቅቃ ነበር። ማዳምም ሰምታዋለች። ለምርመራ በሄድን ቁጥር ደሙ ቀስ ብሎ እየዘቀጠ መጣ፣ ክኒኑም ቀነሰ፤ ማዳም ግን ቁልፉን አላላላችም።

እትዬ አስካለ ሦስተኛ ጊዜ ኹሩጅ ስትጠይቃት፣ ማዳም ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ቀና ሳትል «ሂጂ» አለቻት። «እኔም ለጀዋዛት፣ ለኢሚግሬሽኑ፣ በውሸት ወረቀት ነው የገባችው ብዬ እደውላለሁ። ከዚያ አውሮፕላን ሳይሆን እስር ቤት ነው። እስር ቤት ደግሞ ክኒን የሚሰጥሽ የለም።» በዚያ ጠዋት የቀኑን ክኒን «ረሳችው»። በማግሥቱ ትከሻዋ መድረቅ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማዳም በተቆጣች ቁጥር ትረሳለች።

«በፊት የያዘኝ በር ነበር» አለችኝ እትዬ አስካለ። «በር ይሰበራል፣ ግንብ ይዘለላል። አሁን ግን የያዘችኝ በጉሮሮዬ ነው።» ሌላ ጊዜ አስቂኝ ነገር የማታጣ ሴት ቀን ቀን ዝም ማለት ጀመረች። ደምሴም ሲደውልላት «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች።

ከዚያ ማዳም ሬምን ይዛ የባሕሩን ድልድይ ተሻግራ ባሕሬን አገር እህቷ ዘንድ ሄደች። የሄደችው ከእትዬ አስካለ ጋር ተጣልታ፣ ቁልፉንም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነው። ረቡዕም ክኒን የለም፣ ሐሙስም የለም። አርብ ጠዋት እትዬ አስካለን እንደ መጀመሪያው ጊዜ ደርቃ አገኘኋት፤ ከድርቀቱ ጋር ያስመልሳታል፣ ስትቀመጥ ያዞራታል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አገር ቤት ሆኜ ቢሆን ጎረቤት እጠራ ነበር። እዚያ ማንን ልጥራ? ታንከሩን?

ባባ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ መጅሊሱ ውስጥ ብቻውን ሻይ ሲጠጣ ሰማነው።

«አውርጂኝ» አለችኝ።

«ባባ ዘንድ? አብደሻል እንዴ እትዬ?»

«አውርጂኝ አልኩሽ።»

ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች፣ አንድ ደረጃ ወርዳ እያረፈች፣ እኔ ከፊት ጉልበቷን እየደገፍኩ ወረድን። መጅሊሱ ወንዶች የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ እኛ ለጽዳት ካልሆነ ገብተን አናውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ በእኔ ትከሻ ተነስታ ቆመች።

ባባ ቀና ብሎ አየን። «ያ ቢንት፣ ምን ሆንሽ?» አላት። ሁሌም የሚጠራት እንዲህ ነው፤ አንቺ ልጅ ማለት ነው።

«ባባ፣ አና ማፊ ቢንት» አለችው። እኔ ልጅ አይደለሁም። ከዚያ ሁሉንም ተናገረችው። ወረቀቱ ውሸት መሆኑን፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት እንደሞላት፣ ደምሴ ወንድሟ ሳይሆን ልጇ መሆኑን። «ማዳም ታውቃለች» አለች። «ስለምታውቅ ነው ክኒኔን የምትቆልፈው። እስር ቤት እያለች የምታስፈራራኝም ስለምታውቅ ነው። አሁን አንተም አወቅህ፤ ከእንግዲህ በምን ታስፈራራኛለች? ከፈለግህ ለጀዋዛት ደውል። ከፈለግህ ክኒኔን ስጠኝ።»

ባባ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። «ስንት አልሽ?» አላት። ደገመችለት። «እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ» አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለምንጣፉ። «ባባ እያልሽ ነበር የምትጠሪኝ።»

«በሉ ስለተባልን ነው» አለችው።

ተነስቶ ወጣ። ላይ ቤት የቁም ሣጥኑ መቆለፊያ ሲሰበር ሰማን። ሲመለስ በአንድ እጁ የክኒኑን ፓኬት፣ በሌላው ውሃ ይዟል። በዚያ ቤት ወንድ ለእኛ ውሃ ሲያቀርብ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ኹዲ፣ ያ ኻላ» አላት። እንቺ፣ አክስቴ ማለት ነው።

ዋጠች። ብርጭቆውን እንደያዘች «ኹሩጅ?» አለችው።

«ኹሩጅ» አለ። ፊቱ ግን ደግ አልሆነም፤ ተቆጥቷል። «አሮጊት ሴት በቤቴ ሞታ አላህ እንዲጠይቀኝ አልፈልግም። ከክኒንሽ ጋር ትሄጃለሽ።» በሩ ጋ ሲደርስ እኔን አየኝና ቆመ። «አንቺስ? ያንቺስ ወረቀት እውነት ነው? ዕድሜሽ ስንት ነው?»

ደላላው ለእሷ ሲቀንስ ለእኔ ጨምሮልኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ሰዓት ባባ ተደናግጧል፣ ቁጣውም ኀፍረቱም ገና ትኩስ ነው፤ እውነቱን ብነግረው እኔንም ከእሷ ጋር ይሸኘኝ ነበር። ይህን እያወቅሁ አፌ ግን እስር ቤቱን ፈራ።

«ሃያ ሰባት» አልኩት፣ ወረቀቴ እንደሚለው።

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እትዬ አስካለ ባዶውን ብርጭቆ እንደያዘች አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ልጄ» አለችኝ፣ «በሩን ለሁለታችን ነበር እኮ የከፈትኩት።»

በሳምንቱ ሄደች። እኔ እዚያው ሌላ አራት ዓመት ቆየሁ።